ጠዋት አንገታችሁ ደርቆ ለምትነሱ፦ ፎጣ ጠቅልሉ

አንገቱን የሚያመው ሰው ያውቀዋል፤ ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ዞር ማለት ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የትራሱ ነው። እኛ ደሴዎች ደግሞ ሁለት ትራስ ደራርበን፣ ጋቢ ተከናንበን መተኛት እንወዳለን።

አንዱን ትራስ አውጡት። የፊት ፎጣ ጠቅልሉና በቀረው ትራስ ልብስ ውስጥ፣ በታችኛው ጠርዝ በኩል ክተቱት። ጥቅሉ አንገት ስር ይግባ፤ ጭንቅላት ትራሱ ላይ ይረፍ። አገጫችሁ ወደ ደረት ካዘነበለ የትራሱ ከፍታ በዝቷል፣ ቀንሱት። አንገት በተፈጥሮው ወደ ፊት ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። ፎጣው ያንን ክፍተት ስለሚሞላው ጡንቻው ሲወጠር አያድርም። በደረት መተኛት ግን ተዉ፤ አንገት ተጠምዝዞ ያድራል።

ለሕክምና አዲስ አበባ ስትሄዱም ነጠላ ጠቅልላችሁ አንገታችሁ ዙሪያ አድርጉ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለው የጣርማበር ተራራ ጠመዝማዛ እንቅልፋምን አይምርም።

እጃችሁን የሚያደነዝዝ ወይም የሚያዝል ከሆነ፣ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ከጀመረ፣ ትኩሳት ካለው ግን በፎጣ ጊዜ አታባክኑ፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ወጌሻም ቢሆን አንገታችሁን እንዲጠመዝዝ አትፍቀዱ።