ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሎጉን አጥፍታችሁት ዲስኩ አልቀንስ ሲላችሁ ልትሰሯቸው የማይገቡ ስህተቶች

ክረምት ላይ ነው፣ ማታ፣ ጣና ዳር ያለችው ቢሯችን ብቻዬን ቀርቼ የአንድ ሆቴል ቡኪንግ ሰርቨር ዲስኩ 100 ፐርሰንት ሞላብኝ፣ 38 ጊጋ የደረሰ ሎግ (ፕሮግራሙ የሚሰራውን የሚመዘግብበት ፋይል) አገኘሁና በአርኤም (rm፣ ፋይል መሰረዣ ትዕዛዝ) ድራሹን አጠፋሁት፣ ዲኤፍ (df፣ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ የሚያሳይ ትዕዛዝ) ስል አሁንም 100። ከዛ በኋላ የሰራኋቸውን ስህተቶች ነው የምነግራችሁ።

አንደኛ ሌላ የሚሰረዝ ፍለጋ ሄድኩ፣ የሚያስፈልገኝን ባክአፕ ሳይቀር አጠፋሁ (አሁንም ያናድደኛል)። አርኤም የሚያነሳው ስሙን ብቻ ነው። ሪሴፕሽን ላይ የእንግዳው ስም ከመዝገብ ተሰርዞ ሰውዬው ግን ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ እንደተኛ በሉት። ፋይሉን የከፈተው ፕሮሰስ (እየሰራ ያለ ፕሮግራም) እስኪዘጋው ድረስ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ቦታውን አይለቅም፣ ፕሮሰሱም ምንም ሳይመስለው መጻፉን ይቀጥላል። ምልክቱ የዲኤፍና የዲዩ (du) አለመስማማት ነው፣ ዲዩ ፎልደር ለፎልደር ዞሮ ስም ያለውን ብቻ ይደምራል፣ ዲኤፍ ግን ፋይል ሲስተሙን ራሱን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ተሰርዞ ግን እንደተከፈተ ያለውን ፋይል ያለ ሱዶ (sudo፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ) መፈለግ። ፈላጊው «ኤልኤስኦፍ +ኤል1» (lsof +L1) ነው፣ ኤሏ ካፒታል ናት፣ ሊንኩ (ያለው የስም ብዛት) ከ1 ያነሰውን ማለትም ስም የሌለውን ሁሉ ያወጣል። ያለ ሱዶ ግን የራሳችሁን ፕሮሰስ ብቻ ነው የምታዩት፣ እኔም ባዶ ሲመጣልኝ «የለም ማለት ነው» ብዬ ግማሽ ሰዓት አቃጠልኩ። ኤልኤስኦፍ ካልተጫነ /ፕሮክ (/proc) ውስጥ የፕሮሰሱ ቁጥር ስር ኤፍዲ (fd) የምትባል ፎልደር አለች፣ ፕሮሰሱ የከፈታቸውን ፋይሎች በቁጥር የምትይዝ፣ ኤልኤስ ሰረዝ ኤል (ls -l) በሏት፣ የተሰረዘው «ዲሊትድ» (deleted) ተብሎ ይታያል።

ዝርዝሩ ሲመጣ ሁሉም ጥፋተኛ አይደለም። ሜምኤፍዲ (memfd) የሚሉት ራም ላይ ናቸው፣ ዲስክ አይነኩም፣ ሳይዙን አይታችሁ ትልቁን ያዙ።

ከሁሉም የሚብሰው ደንግጦ ሪስታርት ማድረግ ወይም ኪል 9 (kill -9፣ ፕሮሰሱን በግድ መግደል) ነው። ቦታው ይለቀቃል አዎ፣ ግን በስህተት የሰረዛችሁት የምትፈልጉት ፋይል ከሆነ ያቺ የኤፍዲ ቁጥር የመጨረሻ በሩ ናት፣ ፕሮሰሱ ሲሞት አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ በሲፒ (cp፣ መገልበጫ ትዕዛዝ) ከ/ፕሮክ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፣ ከዛ የፈለጋችሁትን አድርጉ። የዳታቤዝ ፋይል ከሆነ ግን እየተጻፈበት የተገለበጠ ኮፒ የተበላሸ ሊሆን ስለሚችል ከቻላችሁ ዳምፕም (ዳታቤዙ ራሱ ይዘቱን ወደ ፋይል የሚያወጣበትን) አውጡ።

ሎግ ብቻ ከሆነ ሰርቪሱን ሳታቆሙ በዛችው ኤፍዲ በኩል በትራንኬት (truncate፣ የፋይል መጠን መቁረጫ ትዕዛዝ) ዜሮ ታደርጉታላችሁ። ቁጥሩን ሁለቴ እዩ፣ ዳታቤዝ ላይ በጭራሽ እንዳትሞክሩት። ፕሮሰሱ በአፔንድ (ሁልጊዜ ፋይሉ መጨረሻ ላይ እየጨመረ እንዲጽፍ) ካልከፈተው ደግሞ ቀጥሎ ሲጽፍ ሳይዙ ተመልሶ 38 ጊጋ ይመስላል፣ መሃሉ ባዶ ቀዳዳ ስለሆነ ዲስኩን አይበላም፣ እንዳትደነግጡ።

ነገ እንዳይደገም ሎግ ሮቴት (logrotate፣ ያረጀ ሎግን በአዲስ የሚቀይር መሳሪያ) ላይ ፖስትሮቴት (postrotate፣ ከቀየረ በኋላ የሚሰራ ትዕዛዝ) አስገቡ፣ ለኤንጂንኤክስ (nginx፣ ዌብ ሰርቨር) ሎጉን እንደገና እንዲከፍት ዩኤስአር1 (USR1) ሲግናል ይበቃዋል። ኮፒትራንኬት (copytruncate) የሚባለው፣ ሎጉን ቀድቶ ዋናውን ዜሮ የሚያደርገውም ይሰራል፣ ግን በመቅዳትና በማጽዳት መሃል የተጻፉ መስመሮች ሊጠፉ ይችላሉ፣ ስለዚህ የክፍያ ሎግ ላይ እኔ አላደርገውም።