ውሃ ለማይተኛበት ማሳ የሩዝ ዘር ስትመርጡ

ፎገራ ላይ ሩዝ አራሽ ነኝ። መጀመሪያ ማሳችሁን እዩ፤ ውሃ የሚተኛበት ከሆነ ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዝርያ ይስማማዋል። ውሃ የማይቋጥር ከሆነ ግን እንደ ኔሪካ-4 ያለ በዝናብ ብቻ የሚደርስ ዝርያ ፈልጉ።

ከምርቱ ብዛት በፊት የምጠይቀው መቼ እንደሚያብብ ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲሳሳ ያላበበ ሩዝ ውሃ ይጠማዋል፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ ብርዱ አበባውን ይመታውና ዛላው ፍሬ አልባ ይቀራል። ፈጥኖ የሚደርሰውን ያዙ።

ሁለት ሦስት ዝርያ ጎን ለጎን በእኩል መደብ ዝሩ፤ እኩል ማዳበሪያ፣ እኩል አረም። ለየብቻ ወቅታችሁ መዝኑ። ከጤፍ ጋር ቀላቅላችሁ እንጀራውንም ሞክሩት። ገለባውን አትናቁ፤ በበጋ በሬዎቼ የሚበሉት እሱን ስለሆነ አገዳው አጭር የሆነውን እኔ አልመርጥም።

የተቀላቀለ ዘር እኩል አይደርስምና ንጹሑን ወረታ ካለው የሩዝ ምርምር ማዕከል ጠይቁ።