ሰከንዱ ይቆጥራል፣ ድምፅ የለም፦ የኤምፒዲ ችግርና መፍትሄ ለጎንደር ካፌዎች

ፒያሳም ሆነ ማራኪ ባለ ካፌ አንድ ኮምፒውተር ከአምፕሊፋየር ጋር ተገናኝቶ አስተናጋጁም ደንበኛውም ከየስልኩ ዘፈን ወደ አንድ ወረፋ እንዲጨምር ለማድረግ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አሮጌ ላፕቶፕ ወይም የድምፅ ጃክ ያለው ራስፕቤሪ ፓይ (መዳፍ የሚያህል ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ዴቢያን ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በነፃ የሚገኘው ኤምፒዲ የተባለ ሙዚቃ አጫዋች ፕሮግራም፣ ተራ ራውተር፣ እንዲሁም ከ3.5 ሚሊሜትር ጃክ ወደ ሁለት አርሲኤ የሚወጣ ገመድ ይበቃል። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ዘፈኑ በስልክ በኩል አያልፍም፤ ስልኩ ለኤምፒዲ በተሠራ አፕ ትእዛዝ ብቻ ይልካል፣ የሚያጫውተው ኮምፒውተሩ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ድምፅ በተቆራረጠ ቁጥር ራውተር ሲያጠፋና ሲያበራ ይውላል።

ችግር ሲመጣ ገመድ ከመንቀል በፊት የስልኩን አፕ ማየት ይቀድማል። ጨርሶ ካልተገናኘ ችግሩ ኔትወርክ ላይ ነው። ተገናኝቶ የዘፈን ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ፎልደሩ ላይ ነው። ዘፈን ተመርጦ ሰከንዱ ካልቆጠረ ኮምፒውተሩ የድምፅ መውጫውን መክፈት አልቻለም። ሰከንዱ እየቆጠረ ዝም ካለ ደግሞ ድምፁ ወደ ሌላ ቦታ እየወጣ ነው፣ ወይም የሆነ ቦታ ተዘግቷል።

ስልኩ አልገናኝም ሲል

ኤምፒዲ በፖርት 6600 ይሠራል። አዲስ ሲጫን ብዙ ጊዜ የሚሰማው የራሱን ኮምፒውተር ብቻ ነው። ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ኤምፒዲ ዶት ኮንፍ» ከፍቶ «ባይንድ ቱ አድሬስ» የሚለውን መስመር (በቃላቱ መካከል የታች ሰረዝ አለ) ከ«ሎካልሆስት» ወደ 0.0.0.0 መቀየርና ኤምፒዲን እንደገና ማስነሳት ነው። ተቀይሮም ለውጥ ከሌለ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ክፍል) ይታይ፦ ኤምፒዲ በ«ኤምፒዲ ዶት ሶኬት» በኩል ከተነሳ ይህን መስመር ጨርሶ አያነበውም። ሶኬቱን አጥፍቶ ሰርቪሱን ብቻ ማስነሳት ይሻላል።

ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ካለ አይፒ አድራሻው ተቀይሮ ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ለኮምፒውተሩ ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ለኮምፒውተሩ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) ቋሚ ቁጥር ማስያዝ አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው። የባለቤቱ ስልክ ተገናኝቶ የደንበኞቹ እምቢ ካለ ደግሞ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ናቸው፤ የእንግዳ ዋይፋይ አብዛኛውን ጊዜ ስልኮችን ከውስጥ ኮምፒውተሮች ይለያል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ዋይፋዩ ኢንተርኔት ከሌለው አንድሮይድ ስልክ ዝም ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራል፤ የዋይፋይ ምልክቱ እየታየ አፕ ግን አይገናኝም። ዳታውን አጥፍቶ መሞከር ነው። ስልኩ «ኢንተርኔት የለውም፣ ይቀጥል?» ብሎ ሲጠይቅ ይቀጥል ማለት ይበቃል።

ተገናኝቷል፣ ዘፈን ግን የለም

ሙዚቃ ቤት የተሞላ ፍላሽ ሰክተው ዝርዝሩ ባዶ ሲሆንባቸው ብዙዎች ፍላሹ ተበላሸ ይላሉ። ፍላሹ ደህና ነው። ኤምፒዲ የሚሠራው «ኤምፒዲ» በሚባል የራሱ ተጠቃሚ ስም ሲሆን፣ ዴስክቶፑ (በስክሪን የሚታየው የመስኮቶች ገጽ) ፍላሹን የሚከፍተው ኮምፒውተሩ ላይ ለገባው ሰው ብቻ ነው። በራስ ሆም ፎልደር ውስጥ ያለ ዘፈንም እንዲሁ ነው፦ የዘፈኑ ፎልደር ለሁሉም ክፍት ቢሆንም ከላዩ ያለው አንዱ ፎልደር ከተዘጋ ኤምፒዲ አያልፍም። ከመታገል ይልቅ ዘፈኖቹን «ቫር፣ ሊብ፣ ኤምፒዲ» ውስጥ ወዳለው የሙዚቃ ፎልደር ገልብጦ ለሁሉም የማንበብ ፈቃድ መስጠት ይቀላል። ከዚያ ከአፑ «አፕዴት» ማለት አይረሳ፤ ያለዚያ አዲሱ ዘፈን አይታይም።

ዘፈኑ በፎልደር እየተገኘ በዘፋኝ ስም ሲፈለግ ከጠፋ ፋይሉ ውስጥ ስም አልተጻፈም ማለት ነው። ከፍላሽ የመጣ ብዙ ዘፈን «ትራክ 01» ብቻ ነው። ኪድ3 በሚባለው የዘፈን መረጃ ማስተካከያ ፕሮግራም ስሙን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ኤምፒዲ የግዕዝ ፊደል ያነባል። ስሙ ተስተካክሎ አሮጌው ከታየ ግን «አፕዴት» አይበቃም፣ «ሪስካን» ያስፈልጋል፦ አፕዴት የተቀየረበት ሰዓት አዲስ ያልሆነውን ፋይል ይዘለዋል።

ድምፅ የለም፣ ወይም ይቆራረጣል

ሰከንዱ እየቆጠረ ዝም ካለ ራስፕቤሪ ፓይ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ድምፁ ቴሌቪዥን ወደሌለበት ገመድ እየወጣ ነው። «ኤምፒዲ ዶት ኮንፍ» ላይ በ«ኦዲዮ አውትፑት» ሥር የጃኩን ካርድ መጻፍ ይገባል። በላፕቶፕ «አልሳሚክሰር» የተባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ከፍቶ «ኤምኤም» የሚል ምልክት ያለበትን መስመር መክፈት። ሰከንዱ ካልቆጠረ ሌላ ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ የዴስክቶፑ የድምፅ ፕሮግራም (ፐልስኦዲዮ ወይም ፓይፕዋየር)፣ የድምፅ ካርዱን ይዞታል። ለዚህ ሥራ ብቻ በተመደበ ኮምፒውተር ዴስክቶፑን ጨርሶ አለመጫን ነው የሚመከረው።

ለመቆራረጥ ራውተሩን ተዉት። ፓይ ላይ የስልክ ቻርጀር መጠቀም ዋናው ምክንያት ነው፤ ፓይ 4 ባለ 5 ቮልት 3 አምፔር ይፈልጋል። ስክሪን ሲሰካ የመብረቅ ምልክት ከታየ ኃይል አንሶታል። ሁለተኛው ምክንያት ብሉቱዝ ስፒከር ነው፦ ከ2.4 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ ጋር በአንድ ሞገድ ይጋፋሉ። ገመድ ይሻላል። ዋይፋይ የሚወቀሰው ዘፈኖቹ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው በዋይፋይ ሲነበቡ ብቻ ነው።

ወረፋ ላይ ጠብ

ደንበኛ የሌላውን ዘፈን እየዘለለ ካስቸገረ ፈቃድ መለየት ነው። «ኤምፒዲ ዶት ኮንፍ» ውስጥ «ዲፎልት ፐርሚሽንስ» የሚለውን መስመር «ሪድ፣ አድ» ብቻ አድርጎ፣ ለቤቱ ሰው ሁሉም ፈቃድ ያለው ፓስወርድ መስጠት። እንግዳው ይጨምራል፣ መዝለልና መሰረዝ አይችልም። ከዚያ በኋላ «አልሠራልኝም» የሚል ከመጣ የነካው «አሁን አጫውት» የሚለውን ነው፤ እሱ ወረፋውን ማዘዝ ስለሚጠይቅ ይከለከላል። «ወረፋ ላይ ጨምር» የሚለውን ይንካ።

ከአንድ ዘፈን በኋላ ዝም ካለ አፑ ላይ «ሲንግል» የሚለው በርቷል። ወረፋው እየሳሳ ካለቀ «ኮንሲዩም» ነው፤ ለካፌ ግን ይህ ቢበራ ጥሩ ነው፣ የተጫወተ ዘፈን ስለሚወጣ አንድ ዘፈን ቀኑን ሙሉ አይመላለስም።

ዐቢይ ፆም ሲገባ ዘፈን አቁሞ መዝሙር የሚያሰማ ቤት ወረፋውን ቢያጸዳም ዘፈኖቹ ከዝርዝሩ ስለማይጠፉ እንግዳ መልሶ ይጨምራቸዋል። መዝሙሩን በራሱ ፎልደር አስቀምጦ «ኤምፒዲ ዶት ኮንፍ» ውስጥ «ሚዩዚክ ዳይሬክተሪ» ወደዚያ ማዞር፣ ኤምፒዲን እንደገና ማስነሳት፣ ከዚያ አፕዴት ማድረግ። ለፋሲካ መመለስ ነው።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ፓይ ኃይል እንዳገኘ ራሱ ይነሳል፣ ኤምፒዲም ካቆመበት ይቀጥላል። አምፕሊፋየሩ ሳይጠፋ ቤቱ ከተዘጋና መብራት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቢመጣ ጎረቤቱ በሞንታርቦ ይነቃል። «ኤምፒዲ ዶት ኮንፍ» ውስጥ «ሪስቶር ፖዝድ» የሚለውን «የስ» ማድረግ ይህን ይከላከላል። ወረፋው በየ120 ሰከንዱ ስለሚቀመጥ ድንገት መብራት ቢሄድ የሚጠፋው የመጨረሻው ሁለት ደቂቃ ለውጥ ነው። የሚያሳስበው የሜሞሪ ካርዱ ነው፤ እየተጻፈበት ኃይል ሲቋረጥ ሊበላሽ ይችላል። የተስተካከለውን ካርድ ኮፒ አድርጎ ሌላ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይም ባትሪው ገና የሚይዝ አሮጌ ላፕቶፕ መጠቀም ነው።

መብራት ኖሮ ከስፒከሩ የማያቋርጥ «እምም» የሚል ድምፅ ከመጣ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ ማዳመጥ። ከጠፋ ኮምፒውተሩና አምፕሊፋየሩ በተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ የመሬት ሽቦዎቻቸው (ኧርዝ) እየተጋጩ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ዲቫይደር መሰካት። የመሬት ሽቦውን መቁረጥ ግን አይሞከር፣ ሰው ይገድላል።