የድሮ ኮርሳ ብስክሌትን በራሱ ዘመን ዕቃዎች ሲያድሱ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከብረት ቱቦ የተሠራ የድሮ ኮርሳ ብስክሌት ለማደስ የተነሣ ሰው ሐሳቡ ሁሉ የሚያርፈው በጎደሉት ዕቃዎች ላይ ነው። ትልቁ ጉዳት ግን የሚደርሰው በእጁ ባሉት ላይ ነው፦ የፋብሪካው ቀለም ይፋቃል፣ የብሎን ጥርስ ይላጣል፣ የብስክሌቱን ዕድሜ የሚመሰክር ትንሽ ዳዶ ከአሮጌው ኩሽኔታ ጋር ተጠራርጎ ይጣላል። የጎደለ ዕቃ በትዕግሥት ተፈልጎ ይገኛል፤ የተፋቀ ቀለም አይመለስም። ስለዚህ ሊታረሙ የማይችሉ ጥፋቶችን በሚያስከትሉ ስህተቶች ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሌሎቹን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብስክሌቱን ዘመን ሳያረጋግጡ ዕቃ መግዛት

በ1965 የተሠራ ብስክሌትና በ1984 የተሠራ ብስክሌት ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚገጠሙባቸው ዕቃዎች ግን በጣም የተለያዩ ናቸው። የኢጣሊያው ዕቃ ሠሪ ካምፓኞሎ «ሬኮርድ» የተባለውን የራሱን ፍሬን ያወጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ የኢጣሊያ ብስክሌቶች ዩኒቨርሳልን ወይም ማፋክን በመሳሰሉ የሌሎች ድርጅቶች ፍሬኖች ይገጠሙ ነበር። የዚሁ ኩባንያ የፊት ጥርስ ሳህን የሚታሰርባቸው አምስት ብሎኖች የሚያርፉበት ክብ መጀመሪያ ስፋቱ 151 ሚሊሜትር የነበረ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ መገባደጃ ወደ 144 ሚሊሜትር ተቀይሯል። እየቆጠረ የሚገባው የሺማኖ ማርሽ የመጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከፍሬን ማንሻ ጋር የተዋሐደው የማርሽ መቀየሪያ ደግሞ ከ1990 ወዲህ ነው። በ1985 በርናር ኢኖ የቱር ደ ፍራንስ ውድድርን ጫማን ያለ ቀበቶ በሚቆልፈው የሉክ ፔዳል እስካሸነፈበት ጊዜ ድረስ፣ ጫማን በብረት መያዣና በቆዳ ቀበቶ ከፔዳል ጋር ማሰር የተለመደ ነበር።

ኢጣሊያ ውስጥ በ1997 በጋዮሌ ኢን ኪያንቲ የተጀመረው የሌሮይካ ጉዞ የድሮ ብስክሌት የሚለው ከ1987 በፊት የተሠራውን ነው፤ የማርሽ መቀየሪያው በሰያፉ ቱቦ ላይ እንዲሆን፣ የፍሬን ካቦው ከማንሻው ወጥቶ በመሪው ላይ እንዲታይ፣ ፔዳሉም ቀበቶ ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ደንብ ለጉዞው በቂ ነው። አንድን የተወሰነ ብስክሌት ለሚያድስ ሰው ግን በጣም ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም የ1986 ማርሽ ቀያሪ የተገጠመለት የ1968 ብስክሌት በዚህ መለኪያ ሲያልፍ በራሱ ዘመን መለኪያ ይወድቃል።

ዘመኑን የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ ዕቃዎቹ ራሳቸው ናቸው። በካምፓኞሎ ኑዎቮ ሬኮርድ የኋላ ማርሽ ቀያሪ ላይ «ፓተንት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የዓመቱ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ተቀርጸው ይገኛሉ። በፔዳል ክንዱ ጀርባ፣ በትንሽ የዲያመንድ ቅርጽ ውስጥ ያለ ነጠላ አኃዝ የ1970ዎቹን፣ በክብ ውስጥ ያለ ደግሞ የ1980ዎቹን ዓመት ያመለክታል፤ በዲያመንድ ውስጥ 3 ከተጻፈ ክንዱ የ1973 ነው። የመዘውሩን (የቸርኬውን እምብርት) አክስል በሚቆልፉት ዳዶዎች ላይም ዓመት ይገኛል። ሺማኖ ሁለት ፊደላትን ይጠቀም ነበር፤ የመጀመሪያው ከ1976 ተነሥቶ ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ይገልጻል። እነዚህን ምልክቶች ሁሉ ጽፎ ማነጻጸር ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ዕቃዎች አንድ ዓመት ላይ ተቀራርበው ከተገኙና አንዱ ብቻ በስምንት ዓመት ከዘገየ፣ ያ ዕቃ በኋላ የተቀየረ ነው ማለት ይቻላል። የአንድ ዓመት ልዩነት ግን ሊያሳስብ አይገባም፤ ሠሪዎቹ ባለፈው ዓመት የገዙትን ዕቃ በአዲሱ ፍሬም ላይ መግጠማቸው የተለመደ ነበር። ካታሎግን ብቻ ተከትሎ እንዲህ ያለውን ትክክለኛ ዕቃ ነቅሎ መጣል፣ ምስክርን በመላምት መተካት ነው።

ሳይመዘግቡ መፍታት

ከመፍታት በፊት በሁለቱም ጎን ፎቶ ማንሣት፣ የኮርቻውን ከፍታና የካቦውን መንገድ መመዝገብ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ከነዋሸሩና ከነብሎኑ በየራሱ ከረጢት ማስቀመጥ ግዴታ ነው። የኩሽኔታ ኳሶችን ሲያወጡ መጠናቸውንና ቁጥራቸውን መጻፍ ይገባል፤ ለምሳሌ የካምፓኞሎ የፊት መዘውር የሚፈልገው 7/32 ኢንች ኳስ ስለሆነ፣ በብዛት በሚገኘው የ3/16 ኳስ ከተተካ መዘውሩ በትክክል አይሽከረከርም።

የጥርሱን ዓይነትና አቅጣጫ ሳያውቁ በጉልበት መፍታት

የፔዳሉ አክስል በሚቀመጥበት የመሃል ቤት ላይ የሚፈጸመው ስህተት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የተበላሸው ጥርስ የፍሬሙ አካል ነውና። የእንግሊዝ ደረጃ የሆነው ቤት ስፋቱ 68 ሚሊሜትር ሲሆን በሰንሰለቱ በኩል ያለው ኩባያ (ኩሽኔታውን ይዞ ቤቱ ውስጥ የሚጠብቀው ቀለበት) ግራ ጥርስ ስላለው የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው። የኢጣሊያው 70 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ሁለቱም ኩባያዎቹ ቀኝ ጥርስ ስለሆኑ በሰንሰለቱ በኩል ያለው የሚፈታው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። የፈረንሳዩ ኩባያ 35 ሚሊሜትር ዲያሜትርና አንድ ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት ያለው ሲሆን በሁለቱም በኩል ቀኝ ጥርስ ነው፤ የስዊዙ በመጠን ከፈረንሳዩ ጋር አንድ ሆኖ በሰንሰለቱ በኩል ግን ግራ ጥርስ ነው። ራሌይ ደግሞ በራሱ ፋብሪካ በሠራቸው ብዙ ብስክሌቶች ላይ ከሌሎቹ የእንግሊዝ ሠሪዎች 24 ጥርስ በተለየ በኢንች 26 ጥርስ ይጠቀም ነበር። ስለዚህ መፍቻ ከማንሣት በፊት የቤቱን ስፋት በካሊፐር መለካት፣ በኩባያው ፊት ላይ የተቀረጸውንም ማንበብ ያስፈልጋል። «አልፈታ አለ» ተብሎ የሚነገርለት ኩባያ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ አቅጣጫ እየተጠበቀ ያለ ነው።

በፔዳል ክንዱ ላይም ተመሳሳይ ጥፋት ይፈጸማል። የካምፓኞሎና የአብዛኞቹ ክንዶች መንቀያ የሚገባበት ጥርስ 22 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከፈረንሳይ ሠሪዎች የቲ.ኤ. 23፣ የድሮው ስትሮንግላይት ደግሞ 23.35 ሚሊሜትር ነው። የ22 መንቀያ በስትሮንግላይት ክንድ ውስጥ ትንሽ የያዘ ይመስላል፤ ኃይል ሲበዛበት ጥርሱን ልጦ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ክንዱን ከነውበቱ ማውጣት አስቸጋሪ ይሆናል።

የኋላውን ቸርኬ ለመቀየር ሲሉ ፍሪዊሉን (በመዘውሩ ላይ የሚጠብቀውን የኋላ ጥርሶች ስብስብ) ሳያወጡ ሽቦዎቹን መቁረጥ በተለይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ስህተት ነው። ፍሪዊሉ በፔዳል ኃይል ለዓመታት ሲጠብቅ የኖረ በመሆኑ፣ የሚፈታው ቸርኬው እንደ ረጅም እጀታ ሲያገለግል ነው። ሽቦዎቹ ከተቆረጡ በኋላ የሚያዘው መዘውሩ ብቻ ስለሚሆን፣ ብዙውን ጊዜ አንዱን ለማትረፍ ሌላውን መሠዋት ግድ ይላል። በሬጂናና በመሰሎቹ ሁለት ጎድጓድ ያላቸው ፍሪዊሎች ላይ መፍቻው እንዳያመልጥ በአክስሉ ዳዶ አጥብቆ ማሰር፣ ፍሪዊሉ መላቀቅ ሲጀምር ደግሞ ዳዶውን ወዲያው ማላላት ተገቢ ነው።

ከብረት ፍሬም ውስጥ የተጣበቀ የአሉሚኒየም የኮርቻ ምሰሶ ትዕግሥትን ይፈትናል። ሁለቱ ማዕድናት እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ እየተበላ የሚፈጥረው ዱቄት ቦታ ስለሚፈልግ ምሰሶውን አጥብቆ ይይዘዋል። ሰርጎ ገብ ዘይትና አሞኒያ በየተራ እየጨመሩ፣ ፍሬሙን ገልብጠው ከመሃል ቤቱ በኩልም እያፈሰሱ ለቀናት መጠበቅ የመጀመሪያው መንገድ ነው። ምሰሶውን በረጅም ቧንቧ ለማዞር መሞከር ቀጭኑን የኮርቻ ቱቦ ሊጠመዝዘው ይችላል። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየሙን ያሟሟዋል፤ ሆኖም ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ይለቃል፣ ቆዳንም ቀለምንም ያቃጥላል፤ ስለዚህ ምሰሶው ምንም ዋጋ በሌለውና ቀለሙ አስቀድሞ በጠፋ ፍሬም ላይ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

የመጀመሪያውን ቀለም መፋቅ

በዚህ ጉዳይ አቋሜ ጽኑ ነው፤ ከሩብ በላይ የሚሆነው የፋብሪካ ቀለም እስካለ ድረስ ፍሬም ባይቀባ ይሻላል። በቀለሙ ውስጥ የሠሪው ምርጫ፣ የቱቦው ምልክትና ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት ታሪክ አሉ። በለሰለሰ ሳሙና አጥቦ፣ ማጽጃውን አስቀድሞ በመሃል ቤቱ ሥር በማይታይ ቦታ ሞክሮ፣ የተጫሩትን ቦታዎች በቀጭን ብሩሽ ሸፍኖ በሰም ማሸት አብዛኛውን ፍሬም ያስከብረዋል። የምልክት ጽሑፎቹን ሳያስተውሉ በቀለም ማቅለጫ መጥረግ በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሊያጠፋቸው ይችላል። በብር ቀለም ላይ የተነባበሩ ብርሃን አሳላፊ ቀለሞችን በጠብታ ማስተካከል በጣም ከባድ ስለሆነ፣ ጭረቱን ከዝገት ብቻ ጠብቆ መተው ይሻላል።

መቀባት ግድ ከሆነ ደግሞ አሠራሩ ይመረጥ። የኮሉምቡስ ኤስ.ኤል. ቱቦ ጫፎቹ 0.9፣ መሃሉ 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከ1935 ጀምሮ የሚታወቀው ሬይኖልድስ 531ም እንዲሁ በስሱ የተሳበ ነው። በሻካራ አሸዋና በከፍተኛ ግፊት የሚያጸዳ ሰው ከዚህ ስስ ብረት ላይ መመለሻ የሌለው ነገር ያነሣል። በምድጃ የሚጋገረው የዱቄት ቀለም ጠንካራ ቢሆንም ወፍራም ስለሆነ፣ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙባቸውን እጅጌዎች ሠሪው በሞረድ ያወጣላቸውን ስል ጠርዝ ደፍኖ ያደበዝዘዋል። ክሮም እንደገና ማስነከር የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ አሲዱ በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ሊቀር፣ በሂደቱ የሚፈጠረው ሃይድሮጅንም ብረቱን ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል።

ሁሉንም እንደ መስተዋት ማብረቅ

የዚያ ዘመን የአሉሚኒየም ዕቃዎች አብዛኞቹ ከፋብሪካ የወጡት በስስ መከላከያ ሽፋን፣ ለስላሳ ግን ደብዘዝ ባለ ገጽ ነው። በማሽን እያሹ እንዲያንጸባርቁ ማድረግ ሽፋኑን ያነሣል፣ የተቀረጹ ጽሑፎችንና የዓመት ምልክቶችንም ያጠፋል። የብረት ዕቃ ዝገትን ለማንሣት በውሃ የቀጠነ ኦክሳሊክ አሲድ ጥሩ ነው፤ ግን መርዛማ በመሆኑ በጓንት ይሠራበታል፣ አሉሚኒየምን ያደበዝዛል፣ በደንብ ካልታጠበም ቢጫ ዝቃጭ ይተዋል።

«ይመሳሰላል» ብሎ መግጠም

በዓይን የማይለዩ መጠኖች አሉ። የኢጣሊያ መሪ የሚታሰርበት ቦታ 26.0 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የእንግሊዝና የጃፓን 25.4፣ የድሮው ቺኔሊ ደግሞ 26.4 ነው። ቀጭኑን መሪ በሰፊው መያዣ ውስጥ አጥብቆ ማሰር መሪው በቁልቁለት እንዲዞር ያደርጋል፤ ሰፊውን በጠባቡ ውስጥ በጉልበት ማስገባት መያዣውን ይሰነጥቀዋል። የፈረንሳይ የመሪ አንገት 22.0፣ የሌሎቹ 22.2 ሚሊሜትር ነው። አራት ማዕዘን የፔዳል አክስልም ሁለት ደረጃዎች አሉት፤ ካምፓኞሎ የሚከተለው የአውሮፓው ክንድ በጃፓኑ አክስል ላይ ሲገባ በ4.5 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ ስለሚቀር የሰንሰለቱ መስመር ይዛባል።

27 ኢንች የሚባለው ቸርኬ የጎማ መቀመጫው 630፣ 700ሲ የሚባለው ደግሞ 622 ሚሊሜትር ነው፤ የ27 ኢንቹን በ700ሲ የተካ ሰው የፍሬን ላስቲኮቹ 4 ሚሊሜትር መውረድ መቻላቸውን ማረጋገጥ አለበት። የኋላው ፍሬም ክፍተት በባለ አምስት ማርሽ 120፣ በኋለኞቹ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ማርሾች 126 ሚሊሜትር ነው፤ ዘመናዊ መዘውር ለማስገባት የድሮ ፍሬም መዘርጋት ከዚህ ሥራ ዓላማ ጋር አይሄድም።

ደኅንነትን ለዘመን ታማኝነት መሠዋት

ታማኝነት ሊያልቅ የሚገባው ኳስ፣ ሰንሰለት፣ ካቦ፣ የፍሬን ላስቲክና ጎማ ላይ ሲደርስ ነው። እነዚህ በባሕርያቸው እያለቁ የሚተኩ ናቸው፤ የደረቀ የ1970ዎቹ የፍሬን ላስቲክ ለማሳያ እንጂ ለመቆም አይሆንም። የአሉሚኒየም መሪ፣ አንገትና የፔዳል ክንድ በተደጋጋሚ ጫና ይደክማሉ፣ ሳያስጠነቅቁም ይሰበራሉ። በካምፓኞሎ ሬኮርድ ክንድ ላይ ስንጥቅ በተለይ የሚጀምረው የጥርስ ሳህኑን የሚይዙት ጣቶች ከክንዱ ጋር በሚገናኙበት ጠባብ ጎድጓድ ውስጥ ስለሆነ፣ ቅባቱን አጽድቶ በደማቅ ብርሃንና በማጉያ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። የተሰነጠቀ ዕቃ የቱንም ያህል ብርቅ ቢሆን አይጋለብበትም። በ1960ዎቹ የወጡት የሲምፕሌክስ ፕላስቲክ ማርሽ ቀያሪዎችም በዕድሜ ይሰነጠቃሉ።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ አለመመርመር

ሥራው አብቅቶ ብስክሌቱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከሄደ በኋላ የመሪው ኩሽኔታ መላላቱን፣ የሽቦዎቹን ውጥረት፣ የመሪውን አንገትና የፔዳል ክንድ ብሎኖችን መፈተሽ ይገባል። በኢጣሊያ ፍሬም ላይ ልዩ ትኩረት የሚፈልገው በሰንሰለቱ በኩል ያለው የመሃል ቤት ኩባያ ነው፤ ቀኝ ጥርስ ስለሆነ የአክስሉ መሽከርከር ራሱ ቀስ በቀስ ያላላዋል። ጥርሱን አጽድቶ በቂ ኃይል ባለው መፍቻ ማጥበቅ፣ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ሁሉ ኩባያው ከቦታው አለመነቃነቁን በእጅ መሞከር ያስፈልጋል።