ሁለገብ ድምፃዊ ተከታታይ ኮንሰርት ሲያዘጋጅ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መድረክ ላይ ቆሞ ዜማን በቅጽበት መፍጠር የሚችል ድምፃዊ ብዙ በር ይከፈትለታል። አንድ ምሽት ከጃዝ ቡድን ጋር ስካት (ትርጉም በሌላቸው ክፍለ ቃላት በቅጽበት የሚፈጠር የጃዝ አዘፋፈን) ይዘፍናል፣ በሌላው ከቫዮሊንና ከቼሎ ተጫዋቾች ጋር ቃል አልባ ዜማ ያወጣል፣ ደግሞ ሌላ ቀን ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ ጋር በትንፋሽና በጩኸት ይነጋገራል። አንድ አዳራሽ ልዩ ልዩ የሙዚቃ ስልቶች የሚቀርቡበት ተከታታይ ኮንሰርት ሲያስብ አዘጋጁ እንዲህ ያለ ሰው ቢሆን ይመርጣል። ምርጫው ትክክል ነው፤ ብዙ ዓይነት ሙዚቀኛን በቅርብ የሚያውቅ እሱ ነውና። ሆኖም ሁሉን መዝፈን መቻል የሚያመጣው የራሱ ፈተና አለው። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ከስንፍና የሚመጡ አይደሉም። የሚመጡት ከጉጉትና ከችሎታ ብዛት ነው።

በሁሉም ምሽት መዝፈን

ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ከማንም ጋር መግባባት የሚችል ድምፃዊ ማንንም ጋብዞ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል። "ትንሽ ብቻ ልግባ" ይላል። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ያምራል፣ ሁለተኛውም ደህና ነው። በአራተኛው ግን ታዳሚው የሚሰማው አራት ዓይነት ሙዚቃ መሆኑ ይቀራል፤ አጃቢዎቹ የሚለዋወጡለት አንድ ድምፅ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ የሰው ድምፅ ከሌሎች መሣሪያዎች የሚለይበትን ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ጆሮ የሰው ድምፅ ሲሰማ ሌላውን ትቶ ወደ እሱ ይዞራል። ባስና ሳክስፎን እኩል እየተነጋገሩ ሳለ አንድ ሰው በለሆሳስ እንኳ ቢያንጎራጉር ሁለቱ ወዲያው አጃቢ ይሆናሉ። እነሱ አልፈለጉትም፣ ድምፃዊውም አላሰበው ይሆናል፤ ግን ይሆናል። ስለዚህ የእርስዎ መግባት የሙዚቃውን ሥርዓት ይለውጣል።

እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ዴሬክ ቤይሊ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ካምፓኒ ዊክ" የተባለውን ዝግጅት ለዓመታት ሲመራ ከተለያየ የሙዚቃ ዓለም የመጡ፣ ብዙ ጊዜም አብረው ተጫውተው የማያውቁ ሰዎችን ይጋብዝ ነበር። ማን ከማን ጋር ይጫወት የሚለው በየዕለቱ ይቀያየራል፤ እሱ ራሱም በሁሉም ጥምረት ውስጥ አልነበረም። ይህ ለአዘጋጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ስድስት ምሽት ካለዎት በሁለቱ ይዝፈኑ፤ በአንዱ ከኅብረ ዝማሬው መካከል ቆመው እንደማንኛውም ዘማሪ ይሁኑ፤ በቀሩት ከታዳሚው ጋር ተቀምጠው ያዳምጡ። ተቀምጦ ማዳመጥም የአዘጋጅነት ሥራ ነው፤ ለቀጣዩ ምሽት ማን ከማን እንደሚስማማ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ስልቶችን በዝርዝር መደርደር

አንድ ጃዝ፣ አንድ ክላሲካል፣ አንድ ሂፕ ሆፕ፣ አንድ ባህላዊ። ወረቀት ላይ ሲታይ ሰፊ ይመስላል፤ አዳራሽ ውስጥ ግን እርስ በርስ የማይተዋወቁ ምሽቶች ይሆናሉ። የጃዙ ታዳሚ ለጃዙ ይመጣል፣ ከዚያ አይመለስም።

ስልቶቹን የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ያስፈልጋል። "ያለ ቃል መዝፈን ምን ያህል ሊናገር ይችላል?" የሚል ጥያቄ ቢያነሱ የጃዙ ስካት፣ የሰሜን ሕንድ ዘፋኞች ራጋን (የሕንድን የዜማ ሥርዓት) ቀስ ብለው የሚከፍቱበት አላፕ፣ ቢትቦክስ (በአፍ የከበሮ ምት ማውጣት)፣ እንዲሁም ከአሜሪካዊቷ ድምፃዊና አቀናባሪ ሜሬዲዝ መንክ ወዲህ ቃልን ትተው በድምፅ ብቻ የሚሠሩ ድምፃውያን ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። ጥያቄው ትንፋሽ ቢሆን ደግሞ ሌላ እንግዶች ይመጣሉ። ጥያቄውን በፖስተር ላይ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ለእርስዎና ለእንግዶችዎ ግልጽ ከሆነ ታዳሚው በጆሮው ይደርስበታል።

"በቅጽበት የሚፈጠር ስለሆነ ልምምድ አያሻውም" ማለት

በ1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ የጃዝ ዘፋኝ ኤላ ፊትዝጄራልድ በርሊን ውስጥ እየዘፈነች ግጥሙ ጠፋባት። አላቆመችም፤ ቃሉን እዚያው እየፈጠረች፣ መርሳቷንም እየዘፈነችው ጨረሰች። ቅጂው የግራሚ ሽልማት አስገኘላት። ይህን ታሪክ ያለ ዝግጅት መድረክ መውጣት ይቻላል ለማለት የሚጠቅሱት አሉ። ለእኔ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ግጥሙ ሲጠፋ ዜማው፣ ሐርመኒውና ምቱ በሰውነቷ ውስጥ ስለነበሩ ነው መቀጠል የቻለችው።

ከአዲስ እንግዳ ጋር የሚለማመዱት ዜማውን አይደለም፣ አገናኙን ነው። ማን ይጀምራል? ለመጨረስ ምን ምልክት እንሰጣጣለን? አንዱ መውጣት ቢፈልግ ሌላው እንዴት ያውቃል? በግምት ስንት ደቂቃ? አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ቡች ሞሪስ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ኮንዳክሽን" ብሎ የጠራውን ዘዴ ሲያዳብር በእጅና በበትር ምልክት ብቻ ብዙ ሙዚቀኞች አንድ ላይ በቅጽበት እንዲፈጥሩ ያደርግ ነበር። ሙዚቀኞቹ ግን አስቀድመው ምልክቶቹን ያጠኑ ነበር። እርስዎ ያን ያህል ብዙ ምልክት ላያስፈልግዎ ይችላል፤ ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ።

በሌላ በኩል ልምምድ ሲበዛም ይጎዳል። የምሽቱ ምርጥ ግንኙነት በልምምድ ክፍል ውስጥ ተፈጽሞ ካለቀ መድረኩ ላይ የሚቀርበው ትዝታው ነው። ነገሩ መጣፈጥ ሲጀምር ልምምዱን ያቁሙ።

መነሻ ድምፅን ሳይነጋገሩ መገናኘት

የተለያዩ ስልቶችን ማገናኘት ከሚከሽፍባቸው ቦታዎች ዋናው ይህ ነው፤ አብዛኛው አዘጋጅ የሚነቃው ደግሞ በሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት በሚደረገው የድምፅ ፍተሻ) ሰዓት ነው።

ፒያኖ ኦክታቩን (ከአንድ ድምፅ እስከ ራሱ ከፍ ብሎ እስከሚደገምበት ያለውን ርቀት) ለ12 እኩል ክፍሎች ይከፍላል። በዓረቡ የቅኝት ሥርዓት፣ በማቃም ውስጥ ግን ራስትና ባያቲን በመሳሰሉት ቅኝቶች በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚያርፉ ድምፆች አሉ። ዘፋኙ እነዚያን እያወጣ ፒያኖ ተጫዋቹ ከሥር ሙሉ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ቢጫን፣ ወይ ዘፋኙ ወደ ፒያኖው ይሳባል፣ ወይ ደግሞ ለታዳሚው ቅኝት የሳተ ይመስላል። ጥፋቱ የዘፋኙ ሳይሆን ስሙ የሚጠፋው የእሱ ነው። ይህን ማየት ያሳዝናል።

የሕንድ ክላሲካል ዘፋኝ "ሳ" የሚለውን መነሻ ድምፅ ለራሱ ጉሮሮ በሚመች ቦታ ይመርጣል፤ መነሻውን ሳያቋርጥ የሚያሰማው ባለ ክር መሣሪያ ታንፑራም በዚያ ይቃኛል፤ ራጋው እስኪያልቅ መነሻው አይነቃነቅም። በመካከል ቁልፍ መቀየር የለመደ የጃዝ ተጫዋች ሳይነገረው ቢገባ ዘፋኙ የቆመበትን መሬት ያናጋበታል። የባሮክ ሙዚቃ በጥንቱ ቃና የሚጫወቱ ቡድኖች ደግሞ ብዙ ጊዜ "ላ"ን በ415 ኸርዝ ይቃኛሉ። ዛሬ ከተለመደው 440 በግማሽ ድምፅ ገደማ ዝቅ ያለ ነው።

መፍትሔው ከመጀመሪያው የስልክ ንግግር ይጀምራል። "መነሻ ድምፅዎ የቱ ነው? ሊነቃነቅ የማይችለውስ?" ብለው ይጠይቁ። ከዚያ መንቀሳቀስ የሚችለው መንቀሳቀስ የማይችለውን ይከተል። ፒያኖ ተጫዋቹን ኮርድ እንዲያሳሳ፣ የኮርዱን ሦስተኛ ድምፅ እንዲተው፣ ምናልባትም አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ይዞ እንዲቆይ ይለምኑት። ከሁሉ ይበልጥ መንቀሳቀስ የሚችለው ግን የእርስዎ ጉሮሮ ነው። ሁለገብነትዎ በትክክል የሚያገለግለው እዚህ ጋ ነው፤ የሌሎች ቅኝት ሳይሰበር በመካከላቸው ድልድይ የሚሆን ሰው ሲያስፈልግ።

የሌላን ሕዝብ አዘፋፈን በጆሮ ቀድቶ ማቅረብ

ጥሩ ጆሮ ያለው ድምፃዊ በደቡብ ሳይቤሪያ የሚኖሩ የቱቫ ሰዎች ከአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ የሚያወጡበትን ኹሜይ ከቅጂ እየሰማ ሊለማመድ ይችላል፤ በዚያ ክፋት የለም። ችግሩ ያንን በፕሮግራሙ ላይ የዚያ ሕዝብ ሙዚቃ ተወካይ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የኢኑይት (የአርክቲክ ነባር ሕዝብ) ሴቶች የጉሮሮ ዝማሬ ለምሳሌ በተለምዶ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቃርበው የሚያደርጉት ጨዋታ ነው። አንዷ እስክትስቅ ወይም ትንፋሽ እስኪያጥራት ይቀጥላል። አንድ ሰው ብቻውን በማይክ ያንን ድምፅ ሲያወጣ ድምፁ ይመሳሰል እንጂ ጨዋታው፣ ፉክክሩና ሳቁ የሉም።

ዘፋኝ ብቻ ሳሉ ምርጫዎ መምሰል ወይም መተው ነበር። አዘጋጅ ሲሆኑ ሦስተኛ ምርጫ አለዎት፤ ባለቤቶቹን መጋበዝ። ሲጋብዙም በቂ ጊዜ ይስጧቸው። አላፕ በአሥር ደቂቃ ይለቅ ማለት ዘፋኙን ጠርቶ አፉን እንደ መያዝ ነው። ምን ማቅረብ እንደሚወዱ እነሱ ይናገሩ።

የድምፅ ባለሙያውን በመጨረሻ ማስታወስ

በየምሽቱ ስልት ሲቀየር የማይክ አቀማመጥም አብሮ ይቀየራል። ለኦፔራ የሠለጠነ ድምፅ መለስተኛ አዳራሽን ያለ ማጉያ ይሞላል፤ ማይክ ቢቀርብበት ይጮኻል። ቢትቦክስ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ የሚያገኘው ማይኩን ከከንፈሩ አጣብቆ ነው። ሁለቱን በአንድ ምሽት ለማቅረብ ሁለት የተለያየ ዝግጅት ያስፈልጋል፣ ለመቀያየሪያውም ጊዜ።

በተለይ ሉፕ ፔዳል (የዘፈኑትን ቀድቶ ደጋግሞ የሚያሰማ፣ በእግር የሚሠራ መሣሪያ) የሚጠቀሙ ከሆነ ይጠንቀቁ። ማይክዎ ከኋላ ያለውን ከበሮም የሚስብ ከሆነ በእያንዳንዱ ድርብርብ ከበሮው አብሮ ይቀዳል፤ አራተኛው ድርብ ላይ ሲደርሱ ከራስዎ ዜማ ይልቅ የተዘበራረቀ የከበሮ ጥላ ይሰማል። ከከበሮው ይራቁ፣ በዋናነት ከፊት ያለውን ድምፅ የሚይዝ ዳይናሚክ ማይክ ይጠቀሙ፣ ዋናዎቹ ስፒከሮችም ከማይኩ ወደ ፊት ወጥተው ወደ ታዳሚው ይዙሩ እንጂ ወደ እርስዎ አይዙሩ።

አዳራሹ ራሱም ድምፅ አለው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ረጅም የሆነ ቤት ማስተጋባቱ ስለሚቆይ ፈጣን ስካት እዚያ ይቀልጣል፤ ዝግ ያለ ዝማሬና ኅብረ ዜማ ግን ያምርበታል። ምንጣፍና መጋረጃ የበዛበት ክፍል የምት ሙዚቃ ይወዳል። ምሽቶቹን ከመመደብዎ በፊት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቆመው አጨብጭበው ያድምጡ፤ ሲቻል የድምፅ ባለሙያውን ይዘው። እሱ ወይም እሷ ከልምምዱ ጀምሮ ቢገኙ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ጉሮሮን መርሳት

አዘጋጅ ቀኑን ሙሉ ያወራል። እንግዳ ይቀበላል፣ ስልክ ይመልሳል፣ በሳውንድ ቼክ ጫጫታ መካከል ይጮኻል። ማታ ደግሞ ይዘፍናል። ብዙ ጊዜ ከዘፈኑ ይልቅ ወሬው ነው የሚያደክመው። ሹክሹክታም ለብዙ ሰው እረፍት አይሆንም፤ ጉሮሮን ሊያስጨንቅ ይችላል። በሚዘፍኑበት ቀን ሌላ ሰው እንዲያወራ ያድርጉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ የሚያጓራና የሚጮኽ አዘፋፈንን በምሽቱ መጨረሻ ያስቀምጡ። ለሳምንታት የማይለቅ የድምፅ መጎርነን ሐኪም ማየት ያለበት ነገር ነው።

ገንዘብንና ባለቤትነትን "በኋላ እንነጋገራለን" ማለት

አብሮ በቅጽበት የተፈጠረ ሙዚቃ የአንድ ሰው ድርሰት አይደለም። አዘጋጁ ስለሆኑ ብቻ ስምዎ በቅጂው ላይ በደራሲነት ለብቻው ቢወጣ ዝርፊያ ነው። ምሽቱ ይቀረጻል? ማን ያወጣዋል? ገቢ ቢኖር እንዴት ይከፈላል? እንግዳው ካልወደደው የማስቀረት መብት አለው? እነዚህ ከመድረክ በፊት በጽሑፍ ይወሰኑ። ክፍያውም እንደ ዝናው ሳይሆን እንደ ሥራው ቢሆን እመርጣለሁ፤ አንድ ላይ ሠላሳ ደቂቃ የፈጠሩ ሁለት ሰዎች በእኩል ዋጋ መታየት አለባቸው።

ታዳሚን በማብራሪያ ማድከም

ሙዚቃው ያልተለመደ ነው ብሎ የሚሰጋ አዘጋጅ አሥር ደቂቃ ያብራራል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ እነማን ናቸው፣ ለምን ተገናኙ። ታዳሚውን ማስገባት ከፈለጉ ያዘፍኑት። አሜሪካዊው ድምፃዊ ቦቢ ማክፈሪን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያዘፍን ብዙ አያወራም። ለአንዱ ወገን አጭር ተደጋጋሚ ሐረግ ይሰጣል፣ ለሌላው ሌላ፣ ከዚያ በላዩ ይዘፍናል። እንግሊዛዊው ድምፃዊ ፊል ሚንተን ደግሞ ዘፋኝ ነኝ ብለው የማያውቁ ሰዎችን ሰብስቦ በወርክሾፕ ካዘጋጃቸው በኋላ መድረክ ላይ ያወጣቸዋል። ሁለቱም ለታዳሚው ድምፅ እውነተኛ ቦታና ጊዜ ሰጥተዋል። በመጨረሻዋ ሦስት ደቂቃ "እስቲ ሁላችሁም" ማለት ግን ለይስሙላ ነው።

ሁሉንም ምሽት አስቀድሞ መሙላት

በመጀመሪያው ምሽት የመጣችው የመዘምራን መሪና በሦስተኛው የሚጫወተው የኡድ (የዓረብ ባለ ክር መሣሪያ) ተጫዋች ከመድረክ ጀርባ ተዋውቀው አብረው መሥራት ቢፈልጉ የት ይግቡ? የሁሉም ቀን ስም ተሞልቶ ከሆነ ቦታ የላቸውም። ከአዳራሹ ጋር ሲዋዋሉ የመጨረሻውን ወይም ከመጨረሻው በፊት ያለውን ምሽት ክፍት ያድርጉት፤ በጀቱን ይያዙለት፣ በፖስተሩም ላይ "ተሳታፊዎቹ ከተከታታዩ እንግዶች መካከል ናቸው" ብለው ያውጡ። አዳራሹ ስም ካልተጻፈ ትኬት አይሸጥም ብሎ ሊከራከር ይችላል። ያን ጊዜ የእርስዎ ስም በዚያ ምሽት ላይ ይውጣ፤ መዝፈንዎ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።