የሬሺ እንጉዳይ ሰፕልመንት፦ አመራረጡና አወሳሰዱ

በእንክብል፣ በዱቄትና በጠብታ የሚሸጡ የመድኃኒት እንጉዳዮች ብዙ ናቸው፤ የሚፈለጉበት ጉዳይ ግን ይለያያል። ለእንቅልፍና ለጭንቀት የሚወሰደው በአብዛኛው ሬሺ ነው። ላየንስ ሜን ለትውስታ፣ ኮርዲሴፕስ ለጉልበት ይፈለጋል፤ ስለዚህ ኮርዲሴፕስን ማታ መውሰድ አይመከርም። አምስት ስድስት ዓይነት እንጉዳይ የተደባለቀበትን እንክብል ይተዉት። የእያንዳንዱ መጠን ከማነሱም በላይ፣ የጠቀመው ወይም ያስቸገረው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ደም ማቅጠኛ (ለምሳሌ ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን)፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። የአካል ንቅለ ተከላ ተደርጎለት የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ባይሞክሩት ይሻላል። ቀዶ ሕክምና ካለ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ማቆም ያስፈልጋል።

ገንዘብ የሚባክነው መለያው ላይ ያለውን ጽሑፍ በደንብ ባለማንበብ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ከየትኛው የእንጉዳዩ ክፍል እንደተሠራ ነው። ላይ ብቅ የሚለው ጃንጥላ መሳይ ክፍል ነው የሚፈለገው። “ማይሴሊየም” የሚል ካለና ከይዘቱ ውስጥ ሩዝ ወይም አጃ ከተጠቀሰ፣ ክር መሳዩ የእንጉዳይ ክፍል ካደገበት እህል ጋር አብሮ ተፈጭቷል ማለት ነው። ከሚገዙት ውስጥ ብዙው ስታርች ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ቁጥሩን ይመልከቱ። “ፖሊሳካራይድ 40 በመቶ” የሚለው አያታልልዎ፤ ፖሊሳካራይድ ማለት ከብዙ ስኳሮች ሰንሰለት የተሠራ ነገር ስለሆነ ስታርችም ፖሊሳካራይድ ነው። የሚፈለገው የቤታ ግሉካን (የእንጉዳዩ ዋና ፖሊሳካራይድ) መጠን ለብቻው መጻፉ ነው። “10፡1” የሚለው ንጽጽርም (ከአሥር እጅ እንጉዳይ አንድ እጅ ዱቄት ወጣ ማለት ነው) ብቻውን ስለ ጥራቱ የሚናገረው ነገር የለም።

ሦስተኛው የአወጣጡ ዘዴ ነው። ቤታ ግሉካን ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ የሚወጣው በሙቅ ውኃ ነው። ትራይተርፒን የሚባሉት መራራ ንጥረ ነገሮች ደግሞ የሚሟሙት በአልኮል ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዘዴዎች የተጠቀሱበትን ይምረጡ። ሬሺ መራራ ነው፤ ምላስ ላይ ጣፈጥ የሚል ዱቄት ያጠራጥራል።

ጥርጣሬ ካለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በሙቅ ውኃ በጥብጠው፣ ሲቀዘቅዝ የቁስል አዮዲን ሁለት ጠብታ ይጨምሩበት፤ ቀለሙን ካዩ በኋላ ይድፉት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች አለበት። ሳይቀዘቅዝ ከተሞከረ ቀለሙ ስለማይወጣ ያሳስታል። ማልቶዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ መሙያ ዱቄት) የተደባለቀበት ዱቄት ግን ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል።

መጠኑ ላይ የተለመደው ስህተት ቁጥሮችን ማምታታት ነው። የቻይና የመድኃኒት መድብል ከ6 እስከ 12 ግራም በቀን የሚለው ተቀቅሎ ለሚጠጣ የደረቀ ሬሺ ነው፤ በሙቅ ውኃ ወይም በአልኮል ወጥቶ ለተጣራ ዱቄት አይሆንም። ለተጣራው መለያው ላይ ካለው መጠን በግማሽ ለአንድ ሳምንት ይጀምሩ፤ ካልከበደዎት ወደ ሙሉው ያሳድጉ። የዱቄቱ ክብደት ከምርት ምርት ስለሚለያይ ከማንኪያ ይልቅ ትንሽ ሚዛን ይታመናል።

ባዶ ሆድ ላይ ስለሚያቅለሸልሽ ከእራት በኋላ በሙቅ ውኃ ይውሰዱት። “የእንጉዳይ ቡና” እየጠጡ እንቅልፍ መጠበቅ ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ካፌይኑ ለሰዓታት ከሰውነት አይወጣም።

ውጤት በአንድ ሌሊት አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የጃፓን ጥናት ላየንስ ሜን የተሰጠው በቀን 3 ግራም ለ16 ሳምንት ነበር። ለሬሺም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይስጡት፤ የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ በዚህ መሃል ሌላ አዲስ ነገር አይጀምሩ። ለውጥ ከሌለ ያቁሙት። በሽታ የመከላከል አቅምን በተመለከተ አብዛኛው ማስረጃ ከላቦራቶሪና ከእንስሳት ሙከራ የተገኘ ስለሆነ፣ ክትባትን ወይም የታዘዘ መድኃኒትን በእሱ መተካት አደገኛ ነው።

ሽፍታ፣ የሚቀጥል የሆድ መታወክ ወይም የአፍንጫ መድማት ከታየ ወዲያው ይቁም። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ ጉበት ሊሆን ስለሚችል የሕክምና ምርመራ ያስፈልጋል። ሬሺ ሲጠፋ ቻጋ የተባለውን ሌላ እንጉዳይ ለሚተኩ ደግሞ፦ ቻጋ ኦክሳሌት የሚባል፣ በኩላሊት ሊጠራቀም የሚችል ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ኩላሊት ጎድቶ ያውቃል።

ዱቄቱ እርጥበት ይስባል። ማንኪያው ደረቅ፣ ክዳኑ የጠበቀ ይሁን፤ የሻገተውን መድፋት ነው።