ጠገራውን ከመግዛትዎ በፊት፦ የጀማሪ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ስህተቶች

ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመረ አንድ ዓመት የሆነው ሰው ጣሳውን ሲገለብጠው የሚወጣው ነገር ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት አይለያይም። ሁለት የኬንያ ሽልንግ፣ አንድ የተበሳ ግርሽ (የምኒልክ ትንሿ የብር ሳንቲም)፣ የዛገ የጣሊያን ሳንቲም፣ ሃያ የሚያህሉ ባለ አሥር ሳንቲሞች፣ በመጨረሻም በሎሚ ታሽቶ የሚያብረቀርቅ ጠገራ ብር (የማርያ ቴሬዛ ብር)። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ስብስብ ግን የለም። ምን እንደሚሰበስቡ ሳይወስኑ መግዛት የስህተቶቹ ሁሉ እናት ነው፤ የቀሩት አብዛኞቹ ከእሱ ይወለዳሉ።

«ያገኘሁትን ሁሉ» ብሎ መነሳት

ስብስብ የሚባለው ምን እንደጎደለው ሲታወቅ ነው። «የድሮ ሳንቲም እሰበስባለሁ» የሚል ሰው ምን እንደጎደለው ሊናገር አይችልም፤ ስለዚህ ሻጭ ያመጣለትን ሁሉ ይገዛል። ወሰን ያብጁ፤ ጠባብ ይሁን፤ በእጅዎ ባለ ገንዘብና በአካባቢዎ ባለ ገበያ ሊሞላ የሚችል ይሁን።

ለመነሻ ከደርግ ዘመን የሚሻል የለም። 1969 የሚል ዓመት ያለባቸው አምስት ሳንቲሞች ናቸው፦ 1፣ 5፣ 10፣ 25 እና 50። አንድ ሳንቲሟ አልሙኒየም ናት፣ በሬ የጠመደ ገበሬ አለባት። 5 እና 10 ናስ ናቸው፤ ስሙኒው (25) እና ሽልንጉ (50) ነጭ፣ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል። ርካሽ ስለሆኑ አይናቋቸው። አምስቱን ከሞሉ በኋላ የአንበሳውን አገጭ በማጉያ መነጽር ይዩት፤ አንዳንዱ ላይ ጢሙ እኩል ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት ረጃጅም ዘለላ ወጣ ብሎ ይታያል። ልዩነቱ የመጣው በተለያየ አገር ስለተቀረጹ ነው። በዚህ ላይ ዓይኑን ያላሠለጠነ ሰው የምኒልክ ብር ሊመርጥ መውጣት የለበትም።

ከዚያ ቀጥሎ የኃይለ ሥላሴ 1936። ዓይነቱ አምስት ነው፤ ግን ስድስት ቦታ ይተዉለት፤ ምክንያቱም ስሙኒው ሁለት መልክ አለው። መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ከ50ው ጋር በመጠን ስለተቀራረበ በኋላ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ተደርጎ ወጣ። ከ1 እስከ 25 ያሉት የመዳብ ዘር ናቸው። ብር ያለበት 50ው ብቻ ነው፤ 7 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከስድስቱ የሚያስቸግርዎት እሱ ይሆናል፤ ብዙው አንጥረኛ ቤት ገብቶ ቀልጧል።

ዓመቱን በፈረንጅ ማንበብ

1936 ሲያዩ «ጣሊያን የገባበት ዓመት» የሚል ሰው አይጠፋም። ሳንቲሙ ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ማለት ነው። ደግሞ ይህ ዓመት ለብዙ ዓመታት ሳይቀየር ሲቀረጽ ስለኖረ፣ ዓመቱን አይቶ ሳንቲሙ መቼ እንደተሠራ መናገር አይቻልም። የውጭ ካታሎግ ሲከፍቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መደመርዎን አይርሱ። የግእዝ ቁጥር ሳይችሉ የምኒልክን ሳንቲም አይግዙ፤ ፲፰፻፹፯ን ከ፲፰፻፹፱ ለመለየት አንድ ከሰዓት ጥናት ይበቃል።

ጠገራ ላይ 1780 አይቶ ልብ መሸፈት

ይህ ስህተት ስንት ጊዜ ቢነገር የሚሰማ የለም። ከአንኮበር፣ ከመንዝ፣ ከምንጃር የሚመጣው ጀማሪ ሁሉ በእጁ ጠገራ ይዞ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ስንት ያወጣል?» ይላል። 1780 በፈረንጆች፣ ምስሏ ሳንቲሙ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ሳንቲሙ የተሠራበት ላይሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም አይደለም። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ያው መልክ፣ ያው ዓመት ሳይነካ ቪየና ላይ ሲቀረጽ ኖረ። ሚላኖና ቬኒስም ቀረጹት። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር በምትሰናዳበት ጊዜ ቅርጹን ወስዳ ሮም ላይ ሠራችው፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ተከተሉ። ቪየና ዛሬም ትሠራዋለች። በአያትዎ ሣጥን የተገኘው ጠገራ ከአያትዎ በዕድሜ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ሸዋ ውስጥ ጠገራ መገኘቱም ብርቅ አይደለም። ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ የቆላው ቅፍለት መድረሻ ገበያ ነበረች፤ ጠገራና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ሲገበያዩባት ኖረዋል። ያ ሁሉ ብር ወደ ደጋው ወጥቶ በየቤቱ ተቀበረ፣ ጥሎሽ ሆነ፣ መስቀል ሆነ። ሻጩ «የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ነው» ሲልዎ እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ ከአባቱ የሰማውን ነው የሚነግርዎት። ግን ያንን የሚያረጋግጥ ነገር በእጁ የለም፣ በእርስዎም የለም።

ታዲያ ጠገራ አይሰበሰብ? ይሰበሰባል። ሰብሳቢዎቹ የየትኛው ከተማ ሥራ እንደሆነ የሚለዩት በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥረው፣ በጀርባው ያለውን የንስሩን የጭራ ላባ አስተያይተው፣ የጠርዙን ጌጥ መርምረው ነው። ያ የዓመታት ሥራ ነው። ጀማሪ አንድ፣ ጥርት ያለ፣ ያልተበሳ ጠገራ ይግዛና እዚያ ላይ ይቁም። ሌላ ጥቅም አለው፤ መለኪያ ይሆንዎታል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት ወደ ላይ ያበጡ ናቸው። ፊደሉ ወደ ውስጥ የተቆፈረ ከሆነ ወይም በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ከታየ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው፤ ይመልሱት።

ከምኒልክ ብር መጀመር

ያምራል፣ የራሳችን ነው፣ ታሪክ አለው፤ ይገባኛል። ነገር ግን በጣም የሚመሳሰል ሐሰተኛ የሚሠራለትም እሱ ነው። ምኒልክን ከወደዱ ከግርሽ ይጀምሩ፤ 1.4 ግራም የምትመዝን ትንሽ ብር ናት፣ 1889 እና 1895 የሚሉት ይገኛሉ። ከእሷ ወደ ሩብ (7 ግራም)፣ ወደ አላድ (ግማሽ ብር፣ 14 ግራም) ይውጡ። ሙሉው ብር መጨረሻ ይምጣ። በየደረጃው የአንበሳውን እግር ይመልከቱ፦ ያነሳው የቀኙን ነው የግራውን? ካታሎጎች ለየብቻ ይቆጥሯቸዋል።

ሙሉውን ብር ሲገዙ ክብደቱ 28 መሆኑ ብቻውን አያሳምንዎ፤ ናስ ላይ ብር ቀብቶ ወፈር በማድረግ ክብደቱን ማስተካከል ቀላል ነው። 0.01 ግራም የሚያነብ የወርቅ ቤት ሚዛን ይፈልጉ። በብርጭቆ ውሃ ሞልተው ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ዜሮ ያድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያንጠልጥሉት፤ የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ የአየር አረፋም እንዳይጣበቅበት። ሚዛኑ 2.75 አካባቢ ካሳየ ደህና ነው። ከ3.2 በላይ ከወጣ ናስ ወይም ሌላ ርካሽ ማዕድን ነው። ያረጀና የተበላ ከሆነ ደረቅ ክብደቱን ሳንቲሙ ውሃ ውስጥ ሳለ ሚዛኑ ባሳየው ቁጥር ያካፍሉት፤ 10.2 ገደማ መምጣት አለበት። ለጠገራውም ይኸው ይሠራል። ይህን አላስመዝንም የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ሰላምታ ሰጥተው ይሂዱ።

በማግኔት ብቻ መፍረድ

«ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው» የሚለው ለብር ይሠራል፤ ለሁሉም አይሠራም። የ1923ቱ የኃይለ ሥላሴ ባለ 10፣ ባለ 25 እና ባለ 50 «መቶኛ» (ያኔ የሳንቲም መጠሪያ) የተሠሩት ከኒኬል ስለሆነ ማግኔት ይስባቸዋል፤ በዚህ ምክንያት ደህናውን ሳንቲም የመለሰ ሰው አለ። በኪሳችን ያሉት የቅርብ ዓመታት ሳንቲሞችም ውስጣቸው ብረት ስለሆነ ይሳባሉ፤ የ1969ኞቹ አይሳቡም።

የተበሳውን እንደ ጉድለት ብቻ ማየት

በእኛ አካባቢ ግርሹም ጠገራውም አንገት ላይ ውሏል። ቀዳዳ ያለበትን ሳንቲም በሙሉ ዋጋ መግዛት ሞኝነት ነው። ይበልጥ ሞኝነት የሚሆነው ግን ከክሩ ፈቶ፣ ማንጠልጠያውን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን በብየዳ መድፈን ነው። የተደፈነ ቀዳዳ በማጉያ ይታወቃል፤ ማንጠልጠያ የተነቀለበትም ከጭንቅላቱ በላይ ጠርዙ ላይ ይለሰልሳል፣ ፊደል ይጎድለዋል። ጌጥ የሆነውን እንደ ጌጥ ይሰብስቡት፣ ከነክሩ ከነዶቃው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ የሚሻማዎትም ጥቂት ነው፤ ሰሜን ሸዋ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ወሰን እምብዛም አይገኝም።

ማጽዳት

አያጽዱ። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሁሉም ፊቱን ይገፉታል፤ የተገፋ አይመለስም። አፈር ካለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ አሳድረው፣ ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት።

የአክሱም ሳንቲም መመኘት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በእርሻ የወጣ የአክሱም ሳንቲም ቅርስ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ የስለት ብርም አይግዙ፣ ምንም ቢረክስ።

ማስቀመጫውን ከሳንቲሙ በኋላ ማሰብ

አዲስ ሲከፈት ጠረኑ የሚከረፋ ለስላሳ ፕላስቲክ አልበም መዳቡን አረንጓዴ አተላ ያለብሰዋል። ላስቲክ ብሩን ያጠቁረዋል፣ ፕላስተር ሙጫ ይተዋል። ሌላ ከሌለ እያንዳንዱን በንጹሕ የወረቀት ፖስታ፣ ለብቻ ለብቻ። ጣርማ በር አካባቢ ጉም ለሚገባበት ቤት ሣጥኑ ከወለልና ከግድግዳ ይራቅ።

ከየት እንደመጣ አለመጻፍ

ፖስታው ላይ ይጻፉ፦ ምን እንደሆነ፣ ክብደቱን፣ የገዙበትን ቀንና ዋጋ፣ የተገኘበትን ቦታ። የሻጩን ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ «ጎረቤላ፣ የገበያ ቀን፣ ከሴት አያት ድሪ የተፈታ» ይበቃል። ይህን የሚጽፉት በዚያው ዕለት ማታ ነው፤ በሳምንቱ የትኛው ግርሽ የየት እንደሆነ አያስታውሱም።